ጎተራውን ማን ይክፈት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እረኛ ምእመናኑን በእምነት እንዲጸኑ፥ በአገልግሎትም እንዲተጉ ሲመክር በየሳምንቱ እንሰማለን። ካህኑ ያስተምራል፤ እኛም አሜን ብለን፥ ዘምረን፥ ጸበል ጠጥተን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ምክሩ ከጆሮአችን አልፎ እስከ እጃችን ደርሶ እንደ ሆነ ራሳችንን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ መንጋውን እንዴት እንደ መከረ እንመለከታለን። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀድስባቸው 14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በእርሱ ስም ይጠራልና። ሕይወቱን ግን ስሙን የምናውቀውን ያህል አናውቀውም።

ባስልዮስ እንደ ብዙዎቻችን ተማሪ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ330 አካባቢ በቀጰዶቅያ፥ ማለት በዛሬይቱ ቱርክ ምድር፥ ከክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወለደ። አያቱ ማክሪና በስደት ዘመን ስለ ሃይማኖቷ ከባሏ ጋር በዱር በጫካ የተንከራተተች ሴት ነበረች። ልጁ በቂሣርያ፥ ቀጥሎም በቁስጥንጥንያ፥ በመጨረሻም የጥበብ ከተማ በነበረችው በአቴና ተማረ። የአቴና ጓደኛው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ፥ በከተማይቱ ሁለት መንገዶችን ብቻ ያውቁ እንደ ነበር ይመሰክራል፤ አንደኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ መምህራኖቻቸው የሚወስደው ነው። እኛ በትምህርት ዘመናችን ስንት መንገድ እንደምናውቅ እያንዳንዳችን እንቍጠር።

ሆኖም ባስልዮስ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ዕውቀት አስታብዮት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እንደ ጻፈው፥ በንግግር ችሎታው ተመክቶ የአገሩን ሹማምንት እንኳ ይንቅ ነበር። የመለሰችው ታላቅ እኅቱ ናት፤ ስሟም እንደ አያቷ ማክሪና ነው። እርስዋ አቴናን አላየችም፤ የአቴናውን ምሩቅ ግን ትሕትናን አስተማረችው። ከዚያ በኋላ ተጠመቀ፤ በግብፅ፥ በፍልስጥኤምና በሶርያ ያሉትን መነኮሳት እየዞረ ጐበኘ፤ ገንዘቡንም ለድሆች አካፈለ።

እ.ኤ.አ. በ369 አካባቢ፥ ባስልዮስ ገና ቄስ ሳለ፥ በቂሣርያ ጽኑ ረሃብ ሆነ። ሰማዩ ደመና አጣ፤ ምድሪቱ ተሰነጣጠቀች፤ ምንጮች ነጠፉ። ከተማይቱ ከባሕር የራቀች ስለ ነበረች እንደ ወደብ ከተሞች እህል በመርከብ ሊመጣላት አልቻለም። ከሁሉ የከፋው ግን እህል የነበራቸው ሰዎች ዋጋው እስኪንር ድረስ ጎተራቸውን ዘግተው መቀመጣቸው ነው። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ረሃብ ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን አፍ ሰምተናል፤ የእህል ዋጋ ሲወጣ የሰው ዋጋ እንዴት እንደሚወርድ እነርሱ ያውቃሉ።

ባስልዮስ በዚህ ጊዜ ምን አለ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈውን፥ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበውን ባለጠጋ ምሳሌ አድርጎ አስተማረ። ይዘን የምናስቀረው እንጀራ የተራበው ሰው እንጀራ መሆኑን፥ በሣጥን ያኖርነውም ልብስ የታረዘው ሰው ልብስ መሆኑን ፊት ለፊት ነገራቸው። እህል ለመግዛት ሲል ከልጆቹ አንዱን ለመሸጥ የተገደደውን አባት ጭንቀት በፊታቸው ሣለላቸው። ያ አባት ታላቁን ልሽጥ ቢል የበኵር ልጁ ነው፤ ታናሹን ልሽጥ ቢል ምንም የማያውቅ ሕፃን ነው፤ ሁሉንም ላስቀር ቢል ሁሉም በረሃብ ሊያልቁበት ነው። ገዢው ግን በዋጋ ይከራከረዋል።

አንድ ሌላ ነገርም ባስልዮስ አስተዋለ። ስለ ዝናም ምሕላ በታወጀ ጊዜ ወደ ጸሎት የመጡት አዋቂዎች ጥቂቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ወደ ንግዳቸው ሄደው፥ በእነርሱ ፈንታ ሕፃናትን ሰደዱ። ሕፃናቱም ከትምህርት በማረፋቸው ደስ ብሏቸው እንደ በዓል ቀን ይሯሯጡ ነበር። ባስልዮስ ይህን አይቶ አዋቂዎቹን ገሠጸ፤ በደሉን የሠራው ሌላ፥ ንስሐ እንዲገባ የተላከው ሌላ ሆኗልና።

ወገኖቻችን ሆይ! የባስልዮስ ምክር እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ መልካም ስብከት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን በቃሉ የባለጠጎችን ጎተራ ካስከፈተ በኋላ ራሱ ወገቡን ታጠቀ። ጎርጎርዮስ እንደሚተርክልን፥ የተራቡትን ወንዶችና ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በአንድ ቦታ ሰበሰበ፤ የጥራጥሬ ሾርባ በትላልቅ ድስት አስቀርቦ ከረዳቶቹ ጋር በገዛ እጁ አስተናገዳቸው። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበውን ጌታ አብነት አድርጎ የአቴናው ሊቅ የድሆች አሳላፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ370 ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላም ከከተማይቱ ውጭ ድሆች የሚጦሩበት፥ ሕሙማን የሚታከሙበት፥ እንግዶች የሚያርፉበት ሰፊ ቦታ አቋቋመ። በዚያም ሐኪሞችና አስታማሚዎች ነበሩበት። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ በሽተኞች እርሱ ቀርቦ ይሳለማቸው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን በቅርቡ ያጋጠመን ነገር ነውና ሳንደብቅ እንናገራለን።

በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አብዛኞቻችን የመጀመሪያ ጧፋችንን የገዛነው ከእርሳቸው ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም መካከል ከቦታቸው ጠፉ። በእሑድ ስብሰባችን ጉዳዩ ተነሣ፤ ሁላችንም አዘንን፤ የሚጐበኟቸው አምስት አባላት ተመረጡ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ከዚያ የትንሣኤ መዝሙር ጥናት ተጀመረ፤ ፈተናም ደረሰ። ከተመረጥነው መካከል አንዱ ሌላው የሄደ መሰለው፤ ሌላውም ያኛው የሄደ መሰለው። አምስት ሳምንት አለፈ።

በመጨረሻ ስንሄድ ቤታቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ፥ ከመለማመጃ አዳራሻችን መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ አገኘነው። እግራቸው አብጦ ከአልጋ መውረድ አልቻሉም ነበር። ውኃ የምትቀዳላቸው፥ እሳት የምታነድላቸው የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከዐሥር ዓመት አይበልጥም። እኛ አፍረን ቆመን ሳለ እኒህ እናት አልተቆጡንም። «ልጆቼ፥ መዝሙራችሁ እኮ እስከዚህ ድረስ ይሰማኛል፤ እሑድ እሑድ እሱን እየሰማሁ ነው የምውለው» አሉን።

ከዚህ የበለጠ ምን ተግሣጽ ያስፈልገናል? ድምፃችን አጥሩን ተሻግሮ አልጋቸው ድረስ ደርሷል፤ እግራችን ግን አልደረሰም። እኛ «እምነት ያለ ሥራ» የሚል ርእስ ሰጥተን ስንወያይ፥ የምንወያይበትን ሥራ አንዲት ሕፃን ትሠራው ነበር። የቂሣርያ አዋቂዎች ሕፃናትን ወደ ጸሎት ላኩ፤ እኛ ደግሞ ሳናውቀው ሕፃን ወደ አገልግሎት ላክን።

«ተማሪዎች ነን፤ ምን አለንና እንሰጣለን?» የሚል አሳብ በመካከላችን ይነሣል። ገንዘብ የለንም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጎተራ የእህል ብቻ አይደለም። ጉልበት ጎተራ ነው፤ ጊዜ ጎተራ ነው፤ ዕውቀትም ጎተራ ነው። የሕክምና ተማሪ የሆነው ወንድማችን የእግር እብጠት ምን ሊያመለክት እንደሚችል ያውቃል፤ ዕውቀቱ ግን ለፈተና ወረቀት ብቻ ተከማችቶ ነበር። የሒሳብ ተማሪ የሆነችው እኅታችን የድሆች ልጆችን በሳምንት አንድ ሰዓት ማስጠናት ትችላለች። ውኃ ለመቅዳት፥ ልብስ ለማጠብ፥ ሕመምተኛ ደግፎ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ባለጠጋ መሆን አያስፈልግም። ተመርቀን ደመወዝ ስናገኝ እንሰጣለን ማለት፥ ጎተራዬን ካሰፋሁ በኋላ አርፋለሁ ካለው ሰው አሳብ አይለይም። እርሱ ግን ሌሊቲቱን አላለፈም።

ይህን ስንል ጸሎትና መዝሙር ይቅር ማለታችን አይደለም። ባስልዮስ ስለ ቅድስት ሥላሴ ከአርዮሳውያን ጋር የተከራከረ፥ ስለ መንፈስ ቅዱስ መጽሐፍ የጻፈ፥ በንጉሡ በዋሌንስ ሹም ፊት ስለ ሃይማኖቱ ሳይፈራ የቆመ አባት ነው። ሾርባ ያስተናገደበት እጅና ያን መጽሐፍ የጻፈበት እጅ አንድ ነው። እምነት ሥር ነው፥ አገልግሎት ፍሬ ነው፤ ፍሬ የሌለውን ዛፍ ምን እንደሚያገኘው ከወንጌል እናውቃለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቃለ ጉባኤ «አባላት ይሂዱ» ብለን መጻፍ ይብቃን። የሚሄደው ሰው ስምና የሚሄድበት ቀን ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እሑድም ከመዝሙር በፊት «ሄደሃል ወይ? ሄደሻል ወይ?» ተባብለን እንጠያየቅ። በጧፍ ሻጯ እናታችን ቤት ይህን ጀምረናል፤ እግራቸው እየተሻለው ነው፤ ውኃውንም በተራ እየቀዳን ነው። ያቺ ታናሽ ልጅ ግን ዛሬም መምጣትዋን አልተወችም። ባለፈው ቅዳሜ ጀሪካኑን ከእጅዋ ልንቀበል ስንል «የእኔ ተራ ነው» አለችን። እኛም እርስዋን አስቀድመን ተከተልናት።

የቅዱስ ባስልዮስ አምላክ የቆለፍነውን ጎተራ እንድንከፍት ልቡናችንን ይክፈትልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።