የሚሰገድለት ምስል፣ የሚሳቅበት ምስል

ከቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል እስከ ኤድና ሞል ያለው ርቀት መንገድ ከማቋረጥ አይበልጥም። በአንዱ በኩል ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ደጁን ተሳልመው ይመለሳሉ። በሌላው በኩል፣ የሆሊውድ ፊልም ለዓመታት ሲታይበት በኖረው ሲኒማ፣ ካባ ያጠለቁና በሰማይ የሚበርሩ ጀግኖች በፖስተር ተሰቅለው ኖረዋል። ብዙ የቦሌ ልጅ ጠዋት አስቀድሶ ከሰዓት ፊልም እየገባ ነው ያደገው።

እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ጠፈር መርከብ የሚያስቅ የሥዕል ታሪክ እየሣለ በኢንተርኔት ልልቀቅ ቢል፣ ቀልዱ በጠቅላላ የሚቆመው አንባቢው በሚያውቀው ነገር ላይ ነው፤ በፊልሙ፣ በዘፈኑ፣ በኳሱ፣ ቤት ውስጥ በተሰቀለው ሥዕል። ታዲያ ቅዱስ የሆነ ነገር ቀልድ ውስጥ ሲገባ ይረክሳል? ተራውስ ነገር አብዝቶ ሲጠቀስ ጣዖት ይሆናል?

ሁለተኛውን ጥያቄ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ አገር በአማርኛ ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ክራምብስ» ከ70 ደቂቃ በታች የሆነ ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም ነው። ዓለም ካበቃላት በኋላ የተረፉት ጥቂት ሰዎች የኛን ዘመን ኮተት ይለቅማሉ። የዕቃ ገዢው የፕላስቲክ አሻንጉሊት በእጁ እያገላበጠ፣ እንደ ጥንት ንዋየ ቅድሳት ክብርና የዘር ሐረግ እየሰጠ ዋጋ ይቆርጣል፤ የማይክል ጃክሰን ሸክላም እንደዚያው። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ወደ ሰማይ የሚመለስበትን መንገድ ሊጠይቅ የገና አባትን ፍለጋ ይወጣል። ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ሴት ደግሞ በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ሆና ወደ ማይክል ጆርዳን ትጸልያለች።

ተመልካች ይስቃል፤ ሳቁ ግን ወዲያው ይከብዳል። ጆርዳን ማን እንደነበር የሚያስታውስ አንድም ሰው አልቀረም። ኳሱም ጨዋታውም ተረስቶ የቀረው ምስሉ ብቻ ነው፤ ባዶ ሆኖ ስለቀረም የፈለጉትን ሁሉ ይሸከማል።

ተቃራኒው ጉዞ ደግሞ ሆሊውድ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ስቲቨን ስፒልበርግ የሠራው የመጀመሪያው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም የታቦተ ጽዮንን ፍለጋ ይተርካል፤ መጨረሻ ላይ ታቦቱ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጋዘን ይገባል። ለአሜሪካ ተመልካች ይህ የጀብዱ ጌጥ ነው። አክሱም ላይ ግን አንድ መነኩሴ ብቻ የሚጠብቀው፣ ሌላ ዓይን የማያየው የእምነት ማዕከል ነው፤ ጥር 10 ቀን ታቦት ሲወጣ ቦሌም እንደ ሌላው ሰፈር መንገዱን ይለቃል። እንግዲህ አንዱ አገር በቀላሉ የሚጠቅሰው ነገር ሌላው ጫማ አውልቆ የሚቀርበው ሊሆን ይችላል። የሥዕል ታሪክ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የውጭውን ቀልድ እንዳለ ሊገለብጥ የማይችለው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን የባሕርይ ስግደትን ከጸጋ ስግደት ይለያሉ። የመጀመሪያው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የሚቀርብ አክብሮት ነው። በሥዕል ፊት የቆመ ሰው ልቡ ከቀለሙ አልፎ ወደ ሥዕሉ ባለቤት ይሄዳል ይላሉ። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ጎረቤት በዚህ አይስማሙም፤ ክርክሩም የቆየ ነው። ግን መለኪያው ራሱ ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅማል፦ ምስሉ ሰውን ወደ አንድ ቦታ ያደርሳል ወይስ እዚያው ያስቀራል?

ታሪክን በክፍል በክፍል መሣል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በላቸው ይመርን የመሰሉ ሠዓሊዎች አዲስ አበባ ላይ ያስፋፉት የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉም የአማርኛ መግለጫ ይጻፍበታል። ከታሪኩ የሚያስቀው ቦታ የታወቀ ነው። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላታል፤ ከቤቱ ምንም እንዳትወስድ ያስምላታል፤ ሌሊት ውኃ ጥም ሲያቃጥላት ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል ይይዛታል። ቀዳማዊ ምኒልክ የተወለደው ከዚያ ሌሊት ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ክፍል ፈገግ ሲል እምነቱን አላጎደለም። ደግሞስ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን መሣል የቀደሙት ሠዓሊዎች ሥርዓት ነው። ለኮሚክ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል?

መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ሳቅን ከጣዖት ጋር አጋጥሞታል። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ላይ ያላግጣል፤ አምላካችሁ ተኝቶ ወይም መንገድ ሄዶ ይሆናልና ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ ይላቸዋል። ነቢዩ ነገሩን አቅልሎ አይደለም፤ ነፍሱን አስይዞ ነው የሚናገረው። ሳቁ የመታው መልስ የማይሰጠውን ነው።

ቦሌ ራሱም በ2018 እ.ኤ.አ. የዚህ ዓይነት ትዕይንት አይቷል። አዲስ አበባ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኩባንያ አይኮግ ላብስ በሶፍትዌሯ ሥራ የተሳተፈባት ሮቦት ሶፊያ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ፣ አንዳንድ ክፍሎቿን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፋ፤ ጋዜጣዊ መግለጫውም ተሰረዘ። በኋላ ተሟልታ አማርኛ ተናግራለች፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩም ጋር ተገናኝታለች። ሻንጣዋን የምትጠብቅ አዋቂ ማሽን ማንም ደራሲ ሳይደክምባት የተገኘች ገጸ ባሕርይ ናት። በእሷ መሳቅ ሥራውን መናቅ አይደለም። ሳቁ ሰው የሠራው ነገር ሰው የሠራው መሆኑን ያስታውሳል፤ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በፍርሃትና በአምልኮ መካከል በሚወራበት ጊዜ ደግሞ ይህ ማስታወሻ እጅግ ያስፈልጋል።

ወደ ሥዕል ታሪኩ ስንመለስ፣ እስካሁን በአገራችን ጎልቶ የታየው ሥራ የብስራት ደበበ ነው። ዕጣን ኮሚክስን መሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ «ሐዊ» ተከተለች። የጀምበር ባለታሪክ አማኑኤል አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ አዲስ ምሩቅ ነው። ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሚያገኘው ዲግሪውን ይዞ በየቢሮው የሚንከራተት ልጅ መሆኑ ትልቅ ምርጫ ነው። «ጀምበር» ዋና ዓላማው ማሳቅ አይደለም። የሚያስቀው ሳይንሳዊ የሥዕል ታሪክ ገና ሰፊ ቦታ አለው፤ ወያላው የጠፈር መርከብ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ቦሌ፣ ቦሌ» ሲል፣ መጻተኛው ዝርዝር ብር አጥቶ ሲጨነቅ። ታቦቱን እንደ ሆሊውድ የጀብዱ ጌጥ ማድረግ ግን አያስፈልገውም፤ ጥር 10 ቀን መንገዱ ላይ ወርዶ የሚቆመው አንባቢው ራሱ ነውና።