ሰዓቱ የት እንደሄደ ጠይቅ

ልጄ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ሆነህ መሾምህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሥራህን ስትጀምር ከቁጥር አትሽሽ፤ ቁጥርንም የሰው መቅጫ አታድርገው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 30 ሠራተኞች ያሉት አንድ የስፌት መስመር በ8 ሰዓት 600 ሸሚዝ ሰፋ እንበል። ለአንዱ ሸሚዝ የተመደበው ጊዜ 12 ደቂቃ ከሆነ፣ የተሠራው 7,200 ደቂቃ፣ የተከፈለበት 14,400 ደቂቃ ነው። ቅልጥፍናው 50 በመቶ ማለት ነው። ብዙ አለቃ እዚህ ሲደርስ «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። አንተ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ግማሹ ሰዓት የት እንደሄደ ጠይቅ። ወርደህ መስመሩ ዳር ቁም። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ ፊት ሥራው ተከምሮ ታያለህ፤ ቀጥላ ያለችው ደግሞ የሚሰፋ አጥታ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ሁለቱም ሰነፍ አይደሉም፤ ሥራውን ያላመጣጠነው አመዳደቡ ነው። ክር ከስቶር እስኪመጣ፣ መብራት እስኪመለስ፣ መካኒክ እስኪገኝ የባከነውንም ለየብቻው አስመዝግብ። ዝም ብሎ ማጣደፍማ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ የሚሸጠው አንዴ ነው።

የሚለቁትንም ቁጠር። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች ብዙ የተቸገሩት በሠራተኛ መልቀቅ ነው። እጇ የፈታ ልጅ ስትሄድ በምትኳ የምትገባው እስክትለምድ ድረስ መስመሩ ሁሉ ይዘገያል። ከደመወዟ የቆጠብከው ገንዘብ በዚያ በኩል ይወጣል።

በብር ብቻም አትለካ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ አንድ ሸሚዝ ሳይጨምር ሽያጩ በብር ሲቆጠር አደገ። ይህ ምርታማነት አይደለም። የተሰፋውን ሸሚዝ ቁጠር፤ ከሽያጩ ላይ የጨርቁን፣ የክሩንና የመብራቱን ወጪ ቀንሰህ የቀረውን ለሥራው ሰዓት አካፍል፤ ካምናው ጋር ስታነጻጽርም የዋጋ ንረቱን አውጣለት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የአገሪቱ የአምራች ዘርፍ አኃዝ የሚጠናቀረው ከየፋብሪካው መዝገብ ነው፤ አንተ ያሳመርከው ሪፖርት መንግሥትንም ያሳስታል። ስለዚህ ልጄ፣ አደራህን፣ ከፈረቃው በኋላ ቁጥሩን ለሠራተኞቹ አንብብላቸው። ሰዓቱ የት እንደባከነ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸውና፣ ሳትሰማቸው ሪፖርቱን አትፈርም።