ምጽዋት በአደባባይ፣ ዕዳ በጓዳ

አንዲት የደጋ ከተማ ነበረች እንበል። ታቦቷ ሚካኤል ነው። ጥር 10 ለከተራ ይወርዳል፤ ጥር 12 ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለስ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ይከተለዋል።

በዚያች ከተማ አንድ የእህል ነጋዴ ይኖር ነበር። በዋናው መንገድ ላይ ሁለት መጋዘን አለው፤ በሁለቱም በር ላይ ሥዕለ አድኅኖ ተሰቅሏል። እሑድ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ያስቀድሳል፤ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ በፍልሰታ ሱባኤ ይገባል። የሐሰት ሰው አልነበረም። ሲጸልይ እንባው ይመጣል፤ የሚያለቅሰውም ሰው ስላየው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የምንሰማ ሰዎች ነጋዴውን ቶሎ አስመሳይ ብለን ከራሳችን እንዳናርቀው ነው።

በዚያ ዓመት ልጁ በጠና ታሞበት ነበር። «ልጄን ካዳንክልኝ ታቦትህ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ በቀይ ምንጣፍ ላይ ይሄዳል» ብሎ ለሚካኤል ተሳለ። ልጁ ዳነ። አባትም 100 ሜትር ምንጣፍ ከአዲስ አበባ አስጭኖ አመጣ። ምንጣፉን ከመኪና አውርደው መጋዘን ያስገቡት፣ በበዓሉም ማለዳ ተሸክመው መንገድ ዳር ያደረሱት ስምንት ጫኝና አውራጆች ናቸው።

እነዚህ ስምንት ሰዎች አዲሱ ጤፍ ገበያ ከወጣበት ከኅዳር ወር አንሥቶ የድካማቸውን ዋጋ አላገኙም። ሒሳባቸው በኩንታል እየታሰበ በነጋዴው ደብተር ላይ ሰፍሯል፤ ቁጥሩን አልካዳቸውም። ሲጠይቁት ግን «ገንዘቡ እህሉ ላይ ነው ያለው፤ ከጥምቀት በኋላ እንተሳሰባለን» ይላቸዋል። አንደኛው የቤት ኪራይ አጥቶ ከነልጆቹ ወንድሙ ቤት ተጠግቷል። ሌላው ለበዓሉ ዘይትና ቡና በዱቤ አውጥቷል። ነጋዴው ይህን ያውቃል። ስለቱን ሲገዛ ግን ደብተሩ ትዝ አላለውም፤ ስለቱ የሚካኤል ነው፣ ደብተሩ የመጋዘን ነው።

ጥር 12 ቀን ታቦቱ ወጣ። ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ወረብ ያቀርባሉ፣ የሰንበት ተማሪዎች በከበሮ ይዘምራሉ፣ ወጣቶች ከፊት ከፊት መንገዱን ይጠርጋሉ። ምንጣፉ ጋ ሲደረስ በድምፅ ማጉያ የነጋዴው ስም ተጠራ፤ የምንጣፉ ርዝመት ተነገረ፤ ልጁ እንዴት እንደዳነ ተመሰከረ። እልልታው ቀለጠ። ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ነጋዴውም እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆመ።

ታቦቱ ምንጣፉ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

ታቦቱን ያከበሩት ቄስ እግራቸው አልነቀል አለ። መጀመሪያ የደከማቸው መሰለ፤ ሌላ ቄስ ደገፏቸው። ወረቡ ተደገመ። አልሆነም። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሕዝቡም ነገሩ ሲገባው ባለበት ተንበረከከ፤ እግዚኦታ ሆነ። ታቦት ቆሞ ያየ የአገሬ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን በድለን ይሆን?

በደለኛ ለመፈለግ ጊዜ አልፈጀም። ሱሪ ለብሳ ነጠላ የደረበች አንዲት ልጅ ምንጣፉ አጠገብ ቆማ ነበር። «እሷ ናት!» አሉ። ገፍትረው አወጧት፤ ከሰው ኋላ ሄዳ አለቀሰች። ታቦቱ አልተንቀሳቀሰም። ቀጥለው ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጴንጤዎች አዳራሽ አዩ። በሩ ዝግ ነበር፣ ድምፅም አይሰማበትም። ሆኖም አንዳንድ ወጣቶች ድንጋይ አነሡ። የደብሩ አለቃ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ፣ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ እነሱ ሲያዘግሙ ድንጋዩ አንድ በአንድ ከእጅ ወደቀ።

ሦስተኛ ነጋዴው ራሱ መጣ። ማይኩን ተቀብሎ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ሚካኤል ሆይ፣ ያነሰብህ ከሆነ በወርቅ ዘቦ የተሠራ ጃንጥላ እጨምራለሁ!» አለ። እልልታው ዳግመኛ ተነሣ። ታቦቱ እንደቆመ ነው።

ያን ጊዜ አለቃው ማይኩን ጠየቁ።

«ልጆቼ፣» አሉ፣ «ከጠዋት ጀምሮ የሰጠነውን ስንናገር ዋልን። እስቲ ደግሞ ያልመለስነውን እንናገር። የሠራተኛ ገንዘብ ያቆየ፣ ድንበር የገፋ፣ የተበደረውን የካደ፣ አደራ የበላ ካለ ይምጣ። ስለታችሁን የነገራችሁባት ማይክ ይህችው ናት።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለ። ስምንቱ ጫኝና አውራጆች ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆመዋል። አልተናገሩም። ነገም ጠዋት መሄጃቸው ያው መጋዘን ነው፤ ሌላ እህል የሚያወርዱበት ቦታ የላቸውም። አንደኛው ብቻ ቀና ብሎ ነጋዴውን አየው። ነጋዴው ዓይኑን ሰበረ።

ከዚያ ወደ አለቃው ጠጋ ብሎ፣ ማይኩ እንዳይሰማው እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «አባታችን፣ የእኔን ጉዳይ ነገ መጋዘን ውስጥ እጨርሰዋለሁ። ይህ የጓዳ ነገር ነው፣ በሰው ፊት ምን ያደርጋል? ጌታም በስውር አድርጉት ብሏል» አላቸው።

አለቃውም፣ «ልጄ፣ በስውር የተባለው ምጽዋቱ ነበር። እሱን በድምፅ ማጉያ አስነገርከው። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የሰዎቹ ገንዘብ ነው» አሉት።

ነጋዴው አልመለሰም። ከሕዝቡ መካከል ግን አንዲት እንጀራ ሻጭ ተነሣች። ማይክ ይዛ አታውቅም፤ አፏ ላይ አጥብቃ ስለያዘችው ድምፅዋ ተቆራረጠ። «ከጎረቤቴ አምስት ጣሳ ጤፍ ተበድሬ ነበር» አለች። «መልሻለሁ ብዬ በዚሁ በሚካኤል ምያለሁ። አልመለስኩም።» ጎረቤቷ እዚያው ነበረች። በዚያች በአምስት ጣሳ ጤፍ የተነሣ ቡና መጠራራት ትተው፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር።

ከእሷ በኋላ አንድ ገበሬ መጣ፤ የወንድሙን ድንበር ገፍቷል። የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ መጣ፤ ለሕንፃው ከተሰበሰበው ብር ላይ ለራሱ ጉዳይ ተበድሮ አልተካውም። ድንጋይ ካነሡት ወጣቶች አንዱ ሱሪ የለበሰችውን ልጅ ፈልጎ ይቅርታ ጠየቃት። ሰዓቱ ሄደ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የቄሱ እግር ተነቀለ። ታቦቱ ግን ወደ ምንጣፉ አልሄደም፤ በግራ ታጥፎ በእንጀራ ሻጯ ሰፈር፣ በአቧራማው መንገድ ሄደ። ሕዝቡም ተከተለ።

ምንጣፉን ስምንቱ ሰዎች ጠቀለሉት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት ወይስ ወደ መጋዘን፣ የነገራቸው ስላልነበረ ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ።

በመሸ ጊዜ ነጋዴው ብሩን በፌስታል ጠቅልሎ አለቃው ቤት ሄደ። «እርስዎ ይስጡልኝ። ከሚካኤል ነው ይበሏቸው» አላቸው። አለቃውም ፌስታሉን አልነኩም። «ሚካኤል የሰው ደመወዝ አልያዘም። ቤታቸውን ታውቀዋለህ፤ ሂድ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰው እንደየልቡ ይጨርሰዋል። አንዱ በዚያው ሌሊት በስምንቱም በር ሄዶ አንኳኳ ይላል። ሌላው ብሩን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ ይላል። ምንጣፉ ግን ለሠራተኞቹ እስኪከፈላቸው ድረስ ቤተ ክርስቲያን አልገባም በሚለው ሁሉም ይስማማል።

ምሳሌውን ያመጣሁት በነጋዴው ሹክሹክታ ምክንያት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ለሰው ታይታ እንዳይሆኑ ያዘዘው ሦስት ነገሮችን ነው፤ ምጽዋትን፣ ጸሎትን፣ ጾምን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደግሞ የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ፣ ሕዝቡ እያጉረመረመ፣ ቆሞ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናገረ። ጌታ «ይህን በጓዳ ጨርሰው» አላለውም። በዚያው ቤት መዳን እንደሆነ በሁሉ ፊት ተናገረለት። እኛ ነገሩን ገለበጥነው። የሰጠነውን በማይክ፣ የወሰድነውን በሹክሹክታ አደረግን። ግብዝነትን የምፈልገውም በሰውየው እንባ ውስጥ አይደለም፤ እንባው እውነት ሊሆን ይችላል። የምፈልገው የትኛውን ሥራውን ለአደባባይ፣ የትኛውን ለጓዳ እንደመደበ በማየት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ መልስ አለ፤ በዚያው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መልካም ሥራ በሰው ፊት እንዲታይ ታዟል የሚል። እውነት ነው፣ ታዟል። እዚያ ግን ሰው ሥራውን አይቶ የሚያመሰግነው የሰማዩን አባት ነው። ስም ተጠርቶ፣ የብሩ መጠን ተነግሮ፣ ለሰጪው እልል ሲባል ምስጋናው የት እንደቀረ ማንም ያውቃል።

በአደባባይ ማምለክን እየነቀፍኩ አይደለም። ጥምቀት በአደባባይ ነው፤ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረውም አገር ሁሉ አብሮ ወጥቶ የሚያከብረው በዓል ስለሆነ ነው። ነጠላ ማጣፋትን፣ ደጅ መሳምን፣ ልጅ አዝሎ ታቦት መከተልን እወዳለሁ፤ ይህን ያሳጣን ሰው እምነታችንን ግማሽ ያሳጣናል። ነገሩም የኦርቶዶክሱ ብቻ አይደለም። በአዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ እግዚአብሔር በንግዴ ባረከኝ ብሎ የሚመሰክረው ወንድም፣ ቤቱ የምትሠራውን ልጅ ደመወዝ ለስንት ወር እንዳቆየ የሚጠይቀው የለም። በውጭ አገር በሚደረግ የሕንፃ ማሠሪያ ምሽት ላይም ስም በቃል ኪዳን ገንዘብ ልክ ይጠራል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሳቸው ሰዎች የማይጾሙ አይደሉም። እየጾሙ ናቸው፤ በጾማቸው ቀን ግን ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቃሉ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተያዘ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። ከቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት አንዱ የሆነው ዲድስቅልያ ደግሞ ጫናውን ወደ ተቀባዩ ያሻግረዋል፤ ኤጲስ ቆጶሱ ድሃ ከሚበድሉ ሰዎች እጅ መባ እንዳይቀበል ያዛል። ይህን ትእዛዝ ከዐውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ ሲሰበክ አልሰማሁም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ሕንፃው ጣሪያ ይፈልጋል፣ ነጋዴው ቆርቆሮ አለው። ኋላ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ክርስቶስ በድሃው አካል ተርቦ ሳለ ጽዋውን በወርቅ መሥራት ምን ይጠቅማል ብሎ ሲያስተምር፣ የሚሰሙት እነዚያው ወርቅ የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን ተናገረ።

ስለዚህ ጉዳዩ በነጋዴው ብቻ አያልቅም። የሰበካ ጉባኤ አባላት ስለት ሲቀበሉ የሰጪውን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና ግምቱን ይመዘግባሉ፤ ደረሰኝም ይቆርጣሉ። ከዚያው መዝገብ ፊት ሰጪውን አንድ ነገር ይጠይቁት፤ ያልከፈልከው ሠራተኛ አለ? ካለ ስለቱን አይንቀፉበት፣ አያሳፍሩት። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 የታዘዘው ሰው፣ ተመልሶ መጥቶ መባውን እንዲያቀርብም ታዟል። ሄዶ ይክፈል፣ ከዚያ ስለቱን ይዞ ይምጣ። ያን ጊዜ ስሙ በድምፅ ማጉያ ቢጠራም እልል ከሚሉለት አንዱ እሆናለሁ።