በወገን ድምፅ መወራረድ

ወንድሜ ትኬት ቆራጩ፣ ዛሬ ቃሌ ከአንተ ጋር ነው። በብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ከአዲስ አበባ እስከ ወረዳ ከተሞች የተስፋፋው ቤቲንግ ቤት የቀን ገቢህን ሲበላው ቆይቷል። ስለ ኳሱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። የምገሥጽህ በምርጫ ላይ ስለመወራረድህ ነው። በሸዋሮቢት ማን ይገባል፣ በአጣዬ ማን ያልፋል ሲባል «ያለቀ ነገር ነው፣ ሹር ነው፣ ስንት ታስይዛለህ?» ትላለህ። ነውር ነው።

አንተ በሻይ ቤት የምትጫወተው ጨዋታ ባሕር ማዶ የተደራጀ ንግድ ሆኗል። ፖሊማርኬትና ካልሺ የሚባሉት የትንበያ ገበያዎች «እገሌ ያሸንፋል» የሚል ውል ይሸጣሉ። ውሉ ከሠመረ አንድ ዶላር ይከፈልበታል፤ ካልሠመረ ባዶ ነው። በኮንግረስ ምርጫ ላይ እንዳይነግድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ከልክሎት የነበረው ካልሺ ፍርድ ቤት ሄዶ በመስከረም 2017 ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ፣ በፖሊማርኬት ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገላብጧል።

አሸናፊው አስቀድሞ በሚታወቅበት የምርጫ ክልል ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ውሉን በ97 ሳንቲም የገዛ ሰው ቢቀናው የሚያተርፈው 3 ሳንቲም ነው። ስለዚህ ተወራራጁ ዓይኑን ወደ ሌላ ይጥላል፦ በስንት ድምፅ ልዩነት ይሸነፋል? ስንት ሰው ለመምረጥ ይወጣል? ክፋቱ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። «ጥቂት ሰው ነው የሚወጣው» ብሎ ገንዘብ ያስያዘ ሰው፣ በምርጫው ዕለት ጠዋት እናቶች ከቤት ባይወጡ፣ ሽማግሌው ቢታክተው፣ መንገዱ ቢዘጋ ደስ ይለዋል። የጎረቤቱ ተስፋ መቁረጥ ለእሱ ገቢ ነው። ከዚህ የከፋ የልብ ድንዛዜ አላውቅም።

ሰኔ 27 ቀን 2016 በተደረገው የእንግሊዝ ምርጫ የሆነውን ልንገርህ። ማዕከላዊ ሰፎክና ሰሜን ኢፕስዊች የሚባለውን የምርጫ ክልል ወግ አጥባቂዎቹ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በምርጫ ተሸንፈውበት አያውቁም። በዚያ የሌበር ፓርቲን ወክሎ የቀረበው ዕጩ ተፎካካሪው እንደሚያሸንፍ ገንዘብ አስያዘ። በገዛ ሽንፈቱ ላይ ተወራረደ ማለት ነው! ነገሩ ሲታወቅ ፓርቲው አገደው። ብሩን ለበጎ አድራጎት ልሰጠው ነበር አለ፤ በወንጀልም አልተከሰሰም፤ ወንበሩም እንደተጠበቀው ለወግ አጥባቂዎቹ ሆነ። እኔን የሚያንገበግበኝ የደጋፊዎቹ ነገር ነው። እነሱ በየቤቱ በር እያንኳኩ ድምፅ ሲለምኑለት፣ እሱ ልፋታቸው ከንቱ እንደሚቀር ቆጥሮ ገንዘቡን አስቀምጧል።

«እዛ እኮ እንግሊዝ ነው» እንዳትለኝ። «ያለቀ ነገር» የምትለውን እኛም በደንብ እናውቀዋለን። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ አንድም ሳይቀር ጠቀለሉ። ያኔ ተወራርደህ ቢሆን ትበላ ነበር። ግን የበላኸው ምን እንደነበር አስብ፦ ለመወዳደር የፈራውን ዕጩ፣ መቀስቀስ ያልቻለውን ፓርቲ፣ «ምን ለውጥ ሊመጣ» ብሎ እቤቱ የቀረውን መራጭ ነው። የአንተ ሹር የቆመው በእነሱ ዝምታ ላይ ነው። ደግሞም የ1997ቱን አዲስ አበባ አስታውስ። ሕዝቡ ያለቀ ነው ብሎ እቤቱ አልቀረም፤ ተሰልፎ መረጠ፤ ተቃዋሚው ቅንጅትም የከተማዋን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ።

ሸዋሮቢትና አጣዬ ያሉበት የይፋት ቆላ ሰው ድምፅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊከበር የሚገባው ነው። በሚያዝያ 2013 አጣዬ በጥቃት ተቃጠለች፤ ሸዋሮቢትና አካባቢዋም ከጥቃቱ አልተረፉም። ሰኔ 14 ቀን አገሩ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ፣ በዚህ ቆላ ባሉ የተወሰኑ የምርጫ ክልሎች በጸጥታው ችግር ድምፅ አልተሰጠም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኅዳር 2014፣ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋሮቢት ገባ። መምረጥ እንኳን የተነፈገው ሕዝብ፣ ዕድሉ ሲመለስለት የአንተ ትኬት ማድመቂያ መሆን አለበት? ከዚህ ምድር ተወልደህ ዛሬ በውጭ አገር ስልክህ ላይ ዶላር የምታስይዘውም ይህ ቃል ይመለከትሃል። አንተ የመንገዱን መዘጋት በዜና ትሰማለህ፤ ዘመድህ ይኖርበታል።

«ገበሬውስ በሽንኩርት ዋጋ ይወራረድ የለ?» ስትል ሰምቼሃለሁ። የለም። የሮቢ ወንዝን ውኃ ጠልፎ ሽንኩርቱን የሚያጠጣ፣ ማሾውን የሚያርም ሰው ዋጋ ቢወድቅበት እንኳ ላቡን አፍስሷል፤ ምርቱም ሰው ይመገበዋል። አንተ በወንበሩ ላይ ያፈሰስከው ላብ የለም፤ ከትኬትህም ማንም አይመገብም። ይህን ለይቶ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መስጊድ የምትሄድ ከሆንክ ቁማር ሐራም መሆኑን ከልጅነትህ ተምረሃል፤ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ከሆንክም የንስሐ አባትህ አልደበቁህም። በዚህ ጉዳይ በይፋት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ልዩነት የላቸውም።

የምርጫ ክልልህን ዕጩ በስሙ ታውቀዋለህ? ስለ መስኖው፣ ስለ ሽንኩርቱ ደላላ፣ ስለ አዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ደኅንነት አንድ ጥያቄ ጠይቀኸው ታውቃለህ? የመራጭነት ካርድ በእጅህ አለ? ለውርርድ ያዘጋጀኸውን ገንዘብ ለቤትህ አውለው። ምዝገባው ሲከፈት ከእናትህና ከእህቶችህ ጋር ሄደህ ተመዝገብ፤ ዕጩዎቹን በሕዝብ ፊት ጠይቃቸው። በወገንህ ድምፅ ላይ መወራረዱን ግን ዛሬውኑ ተው።