ከማዕድ በፊት ውሃ

ሰው ሰውን ተቀበለ የሚባለው መቼ ነው? ደጃፉን ሲከፍትለት ነውን? እንጀራ ሲያቀርብለት ነውን? ወይስ በተቀበለበት ስፍራ ሳይታመምና ሳያፍር እንዲኖር ሲያደርገው? ጥያቄው በአንድ ጎጆ ውስጥ ላረፈ አንድ እንግዳ ሲነሣ መልሱ ቀላል ይመስላል። ተቀባዩ መንግሥት ወይም ድርጅት፣ እንግዳውም በአሥር ሺህ የሚቆጠር ተፈናቃይ ሲሆን ግን ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር፣ መሽቶበት ከደጅ የቆመ መንገደኛ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባል። ከገባም በኋላ አስቀድሞ የሚቀርብለት እንጀራ አይደለም፤ ውሃ ነው። እግሩ ይታጠባል፤ ማዕድ ሲቀርብም እጁን ያስታጥቡታል። ሳያስታጥቡ ማብላት ነውር ነው። ይህ ልማድ ከወግ ያለፈ እውቀት በውስጡ ይዟል፤ ምግብና ንጽሕና የአንድ አቀባበል ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን ይመሰክራልና።

ያው ገበሬ ለመጸዳዳት ወደ ዱር ይወጣል። ይህን ድንቁርና ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ ፍርዱ ግን ችኩል ነው። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ጎጆዎች ተራርቀው በተሠሩበት አገር፣ ከሰው ዐይን ርቆ መውጣት የጨዋነት ምልክት ነበር፤ ጉዳቱም ጥቂት ሰዎች ሰፊ መሬት ስላላቸው ውሱን ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሰው ከሌሎች አሥር ሺሆች ጋር በአንድ ሜዳ ላይ ሲሰፍር፣ ትናንት ጨዋነት የነበረው ልማድ ዛሬ ገዳይ ይሆናል። የተለወጠው ሰውየው አይደለም፤ ስፍራው ነው። በአዲሱ ስፍራ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂው ማን ነው? የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ይህን ጥያቄ በገሃድ አቀረበው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የብሪታንያው ቢቢሲ የኮረምን ሜዳ ለዓለም አሳየ። በዚያው ዓመት በያኔው የጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ከላይ ጋይንት ጋር በምትዋሰነው እብናት፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠር የተራበ ሕዝብ እህል ፍለጋ ተሰበሰበ። እንዲህ ባለው መጠለያ ሁሉ እህል የሰበሰበውን ሕዝብ በሽታ ይጠብቀዋል። ረሃብ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ መጨናነቅ ኩፍኝን ከሕፃን ወደ ሕፃን ያስተላልፋል፤ ልብስ የሚታጠብበት ውሃ ማጣት ቅማልን ያራባል፣ ቅማልም ተስቦንና ግርሻን ያዛምታል፤ የተበከለ ውሃ ተቅማጥን ያመጣል፣ ተቅማጥም የተበላው እህል ሰውነትን ሳይጠቅም እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ በሌለበት የሚታደል ራሽን በተቀደደ ስልቻ እንደሚሰፈር እህል ነው።

«እህል የሰጠ ሰው ያሰበው መልካም ነው፤ በሽታው ግን የተፈጥሮ ሥራ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ክርክሩ የሚጸናው አደጋው አስቀድሞ የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ነበር። ነገር ግን ይታወቃል። በ1977 ዓ.ም. ከትግራይ ተሰድደው ምሥራቅ ሱዳን፣ ወድ ኮሊ መጠለያ ከደረሱት ሕፃናት መካከል ብዙዎቹን ኩፍኝ ፈጅቷቸዋል። በ1986 ዓ.ም. ክረምት ከሩዋንዳ ወደ ያኔዋ ዛየር፣ ወደ ጎማ ከተሰደደው ሕዝብ ወደ 50,000 የሚጠጋው በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ሲሞት፣ ዋነኞቹ ገዳዮች ኮሌራና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበሩ። በአንጻሩ በ1963 ዓ.ም. ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ወደ ሕንድ በተሰደዱት መካከል ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅባቸው ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠው በሽተኞችን ማጠጣት ጀመሩ። ከመቶ ሠላሳ ገደማ ይደርስ የነበረው ሞት ከመቶ ከአራት በታች ወረደ። እንግዲህ ሞቱ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አልነበረም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ለጥ ያለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሰውና በመቃብር መካከል ሊቆሙ እንደሚችሉ ከታወቀ ወዲያ፣ «ተፈጥሮ ነው» ማለት ሰበብ እንጂ ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ የሚቃረን ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ። መሰብሰቡ አደገኛ ከሆነ መበተኑ መድኃኒት የሚመስለው አለ። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. የእብናት መጠለያ ሰፋሪዎች እንዲለቁ ተደረገ፤ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። የክረምቱ መቃረብና የእርሻው ጊዜ መድረሱ እንደ ምክንያት ቀረበ። ምክንያቱ በራሱ ሐሰት አልነበረም፤ ገበሬ በሰኔ ከማሳው ላይ መገኘት አለበት። ነገር ግን ለመራመድ አቅም የሌለውን ሰው ጎጆውን አቃጥሎ ማሰናበት ከእርሻው ጋር አያገናኘውም። የተቀበለ ሰው ግዴታ የሚያበቃው እንግዳው ከዐይን ሲርቅ አይደለም፤ በእግሩ መቆም ሲችል ነው።

የቃልም ንጽሕና አለ። በዚያ ዘመን በመጠለያዎች የገባው ኮሌራ በስሙ በይፋ አይጠራም ነበር፤ በለዘበ ስያሜ ይታለፍ ነበር። በሽታውን በስሙ ያልጠራ ክሎሪን፣ ሐኪምና አካፋ በጊዜው ሊያስመጣ አይችልም። ሀፍረትን ለመሸፈን የተመረጠ ቃል የብዙ ሰዎችን ሞት ይሸፍናል። ቃልን ሙያው ያደረገ ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ዛሬ ዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያዎች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ መጸዳጃ ይላሉ። ቁጥሩ ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የምሕረት ልክ በሊትርና በጉድጓድ ሲለካ በስሜት ብቻ ከሚነገረው ርኅራኄ የበለጠ እውነተኛ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። መጸዳጃ ባለመኖሩ ጨለማን የምትጠብቅ ሴት፣ መጸዳጃው ከውስጥ የማይቆለፍ በመሆኑም የምትፈራ ሴት፣ አንዷ ከሌላዋ በብዙ አትሻልም። ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን የምትወስነው ተጠቃሚዋ መሆን አለባት። ተፈናቃዩ የተቀባይነት ዕቃ አይደለም፤ ትናንት ቤት የሠራ፣ ዛሬም ዶማ ሊይዝ የሚችል ሰው ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቦ የመጸዳጃ ጉድጓድን ነገር እስከ ገበሬው ደጅ አድርሶታል። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሰፈሩበት በምዕራብ ጎንደር ኩመር መጠለያ ኮሌራ ተቀሰቀሰ። ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ኪነ ጥበብም ከተጠያቂነት አያመልጥም። የረሃብ ዘመን ሥዕልና ዜማ የከሳ ሕፃንና የተዘረጋ እጅ አሳይቷል፤ እንጀራ የቆረሰውን አመስግኗል። ጉድጓድ የቆፈረውን፣ የውሃ በርሜል ያጠበውን፣ የበሽተኛ ልብስ የቀቀለችውን ግን ብዙም አላየም። ሕዝብ የሚያከብረውን ነገር ከሥዕልና ከመድረክ ይማራል፤ ያልተከበረ ሥራም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይታሰባል፣ መጨረሻ የታሰበውም ዘግይቶ ይደርሳል። በመጠለያ ሜዳ ላይ ደግሞ የአንድ ሳምንት መዘግየት የብዙ ሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ የቆፋሪውን ክብር ከቆራሹ ክብር ጋር ማስተካከል የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ ቀጣዩ እንግዳ ከመድረሱ በፊት ውሃው እንዲቀርብ የማድረግ ሥራ ነው።