የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል



ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ያስተምረናል። ይህ ጩኸት ከአገራችን ወደ ቤይሩት ለሥራ ከሄዱት እኅቶቻችንም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል፤ በ«ከፋላ» ሥርዓትም ሠራተኛይቱ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤት መለወጥ አትችልም።

በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያት ከስሪላንካ፥ ከኔፓልና ከባንግላዴሽ እኅቶች ጋር በቤይሩት የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ። መንግሥት ግን ዕውቅና ነፈጋቸው። ሆኖም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፥ በማኅበር መደራጀት ለሰው ከተፈጥሮው የተሰጠ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ደቦና ዕድር ለለመድን ለግምጃ ቤት ሰዎች ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ነገር ግን በቤይሩት ላለችው እያዘንን፥ በቤታችን የምታገለግለውን ልጅ ደመወዝ ብናዘገይ፥ የሰንበት ዕረፍቷንም ብንከለክላት ኀዘናችን ምን ይጠቅማል? ፍትሕ ከገዛ ደጃችን ይጀምር። መምህራን ሆይ፥ ለጉዞ የተነሣችውም የውሏንና የፓስፖርቷን ግልባጭ ለቤተሰቧ ትታ እንድትሄድ ምከሯት።

በናዝሬት በእጁ ሥራ የኖረው ጌታችን ልቡናችንን ያቅናልን። አሜን።