ቃለ ጉባኤ የማን ቃል ነው?

ሰዎች ተሰብስበው የተናገሩት ቃል ስብሰባው ሲበተን የማን ይሆናል? የተናጋሪው ነውን? የሰሚው? ወይስ ብዕር ይዞ የተቀመጠው ሰው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ ሰኞ ጧት የሚባክነው ሰዓት፣ ሲብስም የሚጠፋው ፍትሕ፣ ከዚሁ ጥያቄ የሚመነጭ ስለ መሰለን ጥቂት ልንልበት ወደድን።

እኛ የጎጃም ልጆች በማስታወስ ችሎታ የምንታማ አይደለንም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው፤ መምህሩም በቃል ሰምቶ በቃል ያርመዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ልቡና ባለበት አገር በስብሰባ ላይ ማስታወሻ መያዝ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ልዩነቱ ጥቅም ነው እንላለን። ቅኔን በትክክል ማስታወስ ማንንም አይጎዳም። በስብሰባ የተባለውን ግን እያንዳንዱ ሰው ለእርሱ በሚመቸው መንገድ ያስታውሰዋል፤ ይህንንም ምንም ሳይዋሽ ሊያደርገው ይችላል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በጎጃምና በጎንደር አድባራት፣ በተለይም በ18ኛው መቶ ዓመት፣ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም ይሰፍራል፤ ከዚያም የምስክሮቹ ስም ተራ በተራ ይዘረዘራል። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ሕንፃ ፍርስራሽ በሚታይበት በመርጡለ ማርያም ለምንኖር ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ያ ጸሐፊ «ስለ መሬቱ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ብሎ ብቻ ቢያልፍ ኖሮ ለወራሾቹ ምን በጠቀማቸው?

ይኸው ሐረግ ግን ዛሬ በየቃለ ጉባኤው ሞልቷል። በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነውን እናውሳ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ የሆነች እኅት የማዳበሪያው መጋዘን ጣሪያ እንደሚያፈስ በሚያዝያ ወር ስብሰባ ላይ ተናገረች። ሰብሳቢው «ይታያል» አሉ። በቃለ ጉባኤው የሰፈረው «በመጋዘን አያያዝ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» የሚል ብቻ ነበር። በሐምሌ ዝናቡ ገብቶ ማዳበሪያው እንደ ድንጋይ በጠጠረ ጊዜ ለጥያቄ የተጠራችው እርሷው ሆነች። አሥራ አንድ ሰው ሰምቷታል። ነገር ግን «አዎን፣ ብላ ነበር» ብሎ በርግጠኝነት የመሰከረላት አልተገኘም። የዋሸ ሰው አልነበረም፤ የጻፈም አልነበረም።

በእጅ መጻፍ ለምን? ስልክ ሁሉን ይቀዳ የለም ወይ? ይቀዳል፤ ግን የሁለት ሰዓት ቅጂ መልሶ የሚያዳምጥ ማን ነው? ሙለርና ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርት ሲሰጥ በእጃቸው የጻፉ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ከጻፉት ይልቅ ሐሳብን የሚጠይቁ ጥያቄዎችን በተሻለ ሁኔታ እንደ መለሱ ገልጸው ነበር። ሌሎች ደግመው ሲሞክሩት ግን ውጤቱ ያን ያህል አልጸናም። ስለዚህ እኛ በዚህ ጥናት አንደገፍም። የእኛ ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም እጅ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ጸሐፊው ከምላስ እኩል መሮጥ ስለማይችል «እስቲ ይቆዩኝ፣ ማን ያሠራዋል ልበል? እስከ መቼ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «ይታያል» ያሉት ሰብሳቢ ወይ ስምና ቀን ይጠራሉ፣ ወይም ጉዳዩ እንደማይታይ ሁሉም እዚያው ያውቀዋል። ጣሪያውን ሊያድን ይችል የነበረው ይህች አንዲት ጥያቄ ነበረች።

ብዙ መጻፍም አያስፈልግም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ። ያልተስማማ ካለ አለመስማማቱ በስሙ ይጻፍ። ወረቀቱም ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የሚቀጥለው ስብሰባ በዚያው ወረቀት ይጀመር። የእድር ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ ያልከፈለውን አባል በስሙ ሲጠራ ማንም ቅር አይለውም። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ከእድር ያነሰ ጥንቃቄ የሚገባው ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ብዕሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዕድሜ ወይም በደመወዝ ለሚያንሰው ሠራተኛ ነው። እርሱ ሲጽፍ አይናገርም፤ አለቃውን ደስ የማያሰኝ ቃል ሲሰማም እጁ ይፈራል። «ሰፊ ውይይት» የሚለው ሐረግ የሚወለደው ከስንፍና ይልቅ ከዚህ ፍርሃት ይመስለናል። ስለዚህ ብዕሩ በተራ ይዙር፤ ከአለቆችም እጅ ይግባ። ማንበብ የማይችል ዘበኛ ወይም የጉልበት ሠራተኛ በስብሰባው ቢኖር፣ የእርሱ ቃል ሁለት ጊዜ ይነበብለት፤ «እንዲህ አላልሁም» ለማለትም ጊዜ ይሰጠው።